ለሚነፋና ለሚደርቅ ሆድ የሞከርኳቸው ሰፕሊመንቶች

መልሱን ቶሎ ለምትፈልጉ አስቀድሜ ልናገር። ከሞከርኳቸው ሰፕሊመንቶች ሁሉ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ የሳይሊየም ዱቄት ነው፤ በየቀኑ እወስደዋለሁ። ሌላው ጥራጥሬን የሚሰባብር ኢንዛይም ነው፤ እሱን የምወስደው በጾም ቀን ብቻ ነው። የፔፐርሚንት ዘይት ካፕሱል ቁርጠቴን አስታገሰልኝ፤ ግን ቃር አመጣብኝና ተውኩት። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለሆድ ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ተሕዋስያን ያሉበት ዕቃ፣ ብዙ ገንዘብ ወስዶ ምንም ለውጥ አላመጣልኝም። «ሆድ የሚያጸዳ» እየተባለ የሚሸጠውን ሻይ ለማንም አልመክርም።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። ሥራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። ሆዴ ማስቸገር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ደህና የነበረው ሆድ ከምሳ በኋላ ይነፋና የቀሚሴ ወገብ ይጠበኛል። ሽንት ቤት ሳልወጣ ሦስት አራት ቀን ይሆነኛል። ከዚያ ከእምብርቴ በታች ቁርጠቱ ይጀምራል። ስወጣ ይቀለኛል፤ ደግሞ ይመለሳል።

እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው» ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የምባለው። በእርግጥም ሐኪም ቤት ስመረመር ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። አንቲባዮቲኩንና የአሲድ መቀነሻውን ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ከጨረስኩ ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ፣ የአሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞልም ከሁለት ሳምንት በፊት አቁሜ፣ የሰገራ ምርመራ በድጋሚ ተደረገልኝ። ባክቴሪያው ጠፍቷል። የሚያቃጥለኝ ነገርም ቀረ። መንፋቱና ድርቀቱ ግን አልተነቃነቁም።

ሐኪሜ ሌሎች ምርመራዎች አዝዞ ካየ በኋላ አይ ቢ ኤስ ነው አለኝ፤ ድርቀት የሚያመዝንበት ዓይነት። አንጀቱ ቁስል የለውም፤ ግን እንቅስቃሴው ተዛብቷል፣ ስሜቱም ከመጠን በላይ ነቅቷል። ሌላው ሰው የማይሰማው ትንሽ ጋዝ እኔን ያመኛል ማለት ነው።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ሰፕሊመንት ከመግዛታችሁ በፊት ሆዳችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። የአይረን እንክብልና ቢስመዝ ያለበት መድኃኒትም ሰገራ ያጠቁራሉ፤ እነዚህን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሰው ደግሞ የሚድነው በአንቲባዮቲክ ነው። ባክቴሪያውን ከጨጓራ በሽታ ጋር ያያያዙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል፤ ከእነሱ በኋላ ይህ ነገር አከራካሪ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «ጨጓራን ከሥሩ የሚነቅል» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች የሰውን ሕክምና ያዘገያሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ እናቶቻችን ናቸው ያላቸውን አውጥተው የሚገዙት።

አሁን ወደ ሳይሊየም ልግባ።

ሳይሊየም የአንዲት ትንሽ ተክል ዘር ገለባ ነው። በብዛት የሚመረተው ሕንድ ውስጥ ነው፤ ጉጅራትና ራጃስታን አካባቢ። ሕንዶቹ ኢሳብጎል ይሉታል። ዱባይ የሠራችሁ ሰዎች በሕንድ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ከአሜሪካ የሚመጣው ሜታሙሲልም በውስጡ ያለው ይኸው ነው። ስሙና ማሸጊያው ይለያይ እንጂ ሥራውን የሚሠራው ገለባው ነው።

ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ እዩት። መጀመሪያ ላይ ዱቄቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ስታማስሉት ይበተናል፤ ውኃው ደፍረስ ይላል። ቆም ብላችሁ ስልክ ካነሳችሁ አለቀ፤ ስትመለሱ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር እንደ አጥሚት ወፍሯል። አንጀት ውስጥ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ውኃ ይይዛል፣ ያብጣል፣ የደረቀውን ያለሰልሳል። የላላውንም ያጠጥራል፤ ስለዚህ አንዳንዴ ተቅማጥ ላለበትም ይታዘዛል።

እኔን ያስገረመኝ ጋዝ አለመጨመሩ ነው። ከዚያ በፊት ለድርቀት ብዬ የስንዴ ፉርሽካ እበላ ነበር፤ ሆዴ ከበሮ ሆኖ ነበር የሚያመሸው። ሐኪሙ ምክንያቱን ነገረኝ። ፋይበር፣ ማለትም አንጀት የማይፈጨው የተክል ክፍል፣ ሁሉ አንድ አይደለም። ፉርሽካ አይ ቢ ኤስ ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል። ሳይሊየም ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ብዙም አይብላላም፤ ስለዚህ ጋዙ ትንሽ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአይ ቢ ኤስ መመሪያ ላይ እንደ ሳይሊየም ያለውን በውኃ የሚሟሟ ፋይበር በግልጽ ይመክራል። ከሰፕሊመንት መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ድጋፍ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው።

አወሳሰዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትንሹ ነው የጀመርኩት፤ ከሻይ ማንኪያ ግማሽ። ሰውነቴ ሲለምደው ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። በሜታሙሲል ላይ ለአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ሳይሊየም 3.4 ግራም ነው። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር በሚሆን ውኃ ነው የሚወሰደው። ውኃው ከዚያ ማነስ የለበትም። በትንሽ ውኃ የዋጠው ሰው ጉሮሮው ላይ ሊያብጥበትና ሊያንቀው ይችላል። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው፣ አንጀቱ የጠበበበት ሰው ጨርሶ አይንካው።

ሌላው ነገር መድኃኒት ነው። ሳይሊየም አብሮት የገባውን መድኃኒት ይዞ እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ይችላል። እናቴ የታይሮይድ ክኒን ትወስዳለች። እሷም ድርቀት ስላለባት ከእኔ ተካፈለች፤ ግን ክኒኗን ማለዳ በባዶ ሆድ፣ ሳይሊየሙን ማታ። ፋርማሲስቱ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር ነው ያለን፤ እኛ ራቅ አድርገነዋል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ውጤቱስ? በመጀመሪያው ሳምንት ብዙም አልታየኝም። ከዚያ በኋላ ነው ሽንት ቤት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መሄድ የጀመርኩት፤ ያለ ትግል። ቁርጠቱ ከድርቀቱ ጋር አብሮ ቀነሰ። መንፋቱ ግን በግማሽ ያህል ነው የቀነሰው። እስከ ዛሬም የቀረ መንፋት አለ።

«ተልባስ ለምን አትጠጪም?» ይሉኛል። እጠጣለሁ፤ እወደዋለሁም። ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ማር ጠብ ተደርጎበት። በጾም ደግሞ እንጀራ ፍርፍር በተልባ የመሰለ ነገር የለም። ተልባ ፋይበሩም ጥሩ ነው፤ ከ100 ግራሙ 27 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ሳይሊየም መግዛት ለማይችል ሰው መጀመሪያ የምለው እሱን ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል። እኔ ሳይሊየሙን የመረጥኩት መጠኑን በማንኪያ ለክቼ በየቀኑ እኩል ስለምወስድ ነው። ተልባ ስጠጣ ደግሞ ቅባትም ካሎሪም አብሮ ይገባል። አብሽም ከዚሁ ወገን ነው፤ ተዘፍዝፎ መራራው ሲወጣለት የሚያሟልጨው ነገር የሚሟሟ ፋይበር ነው። በእኔ ሆድ ግን አብሽ ጋዝ ያበዛል።

እንግዲህ የቀረው መንፋት ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት በዐቢይ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሆዴ ይብስብኛል። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላ ፉል፣ ደግሞ ሽሮ። ጥራጥሬ ውስጥ የሰው አንጀት ሊሰብረው የማይችል የስኳር ሰንሰለት አለ። ትንሹ አንጀት ላይ ሳይነካ ያልፍና ትልቁ አንጀት ላይ ባክቴሪያዎች ያቦኩታል። ጋዙ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሜልቦርን ያለው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ፎድማፕ የሚባለውን የአመጋገብ ዘዴ ያወጣው እንዲህ ዓይነት ምግቦችን አጥንቶ ነው። የእነሱን ዝርዝር ስታዩት ግን የጾም ማዕዳችን ግማሹ ክልክል ነው። ሽሮ ሳይበላ ምን ይጾማል?

ኢንዛይሙ የገባው እዚህ ላይ ነው። አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ይባላል። እዚህ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት ቢኖ የሚባለውን በሰው እጅ የላከችልኝ። ያንን የስኳር ሰንሰለት ትንሹ አንጀት ላይ እያለ ይሰባብረዋል፤ ለባክቴሪያዎቹ የሚደርሳቸው ያንሳል።

መቼ እንደሚወሰድ ነው ቁም ነገሩ። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር መሆን አለበት። በልታችሁ ሆዳችሁ ከተነፋ በኋላ ብትውጡት ምግቡ አልፏል። ድስት ውስጥ መጨመርም አይሠራም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዘው። ምሳ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ በየዓይነቱ ሲያዙ አስተናጋጁ ትሪውን ሲያስቀምጥ አንዷን እውጣለሁ፤ እጃችንን ታጥበን እንበላለን።

በሽሮና በክክ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ። በሁዳዴ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ ጾሙ ሲጋመስ ንስሐ አባቴን ማስቸገር ጀምሬ ነበር። አልፎ አልፎ ግን ኢንዛይሙን ወስጄም እነፋለሁ። ምክንያቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ስኳር ሌላ ዓይነት ነው፤ ይህ ኢንዛይም አይነካውም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ቁሌት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሽሮዬን ሽንኩርቱን በጣም ቀንሼ እሠራለሁ፤ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጠንከር አደርግበታለሁ። ሽምብራና ባቄላ ስቀቅል የዘፈዘፍኩበትን ውኃ ደፍቼ በአዲስ ውኃ ነው የምጥደው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ መንፋቱንም ይቀንሳል።

ኢንዛይሙ የሚሠራው ከሻጋታ ነው፤ አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል። የሻጋታ አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ጋላክቶሲሚያ ያለበት፣ ማለትም ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር ሰውነቱ የማይችለው ሰው፣ አይወስድም። ወተት ለሚነፋችሁ ደግሞ ይህ አይጠቅማችሁም፤ ለወተት ላክቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። «አጠቃላይ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም» ተብሎ አሥራ ምናምን ነገር የተደባለቀበትንም ሞክሬያለሁ። የእያንዳንዱ መጠን ጥቂት ነው፣ ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ ከሽሮ ጋር ለውጥ አላየሁበትም።

የፔፐርሚንት ዘይት ካፕሱል ላይ ብዙ አልቆይም። የአንጀትን ጡንቻ ያፍታታል፤ ቁርጠቱ ላይ ከሁሉም ፈጥኖ የደረሰልኝ እሱ ነው። ያው የ2021 መመሪያም ይደግፈዋል። ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ እንዳይፈታ የተለበጠ መሆን አለበት፤ ማኘክም መክፈትም አይቻልም። እንደዚያም ሆኖ በጉሮሮዬ እየተመለሰ አቃጠለኝ። ቃር የሚነሳበት ሰው ላይ ይህ ይጠበቃል። ቃር የሌለበትና ቁርጠት የሚያስቸግረው ሰው ግን ቢሞክረው አይቆጭም።

ፕሮባዮቲክ ላይ ግን ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚመክረው እሱን ስለሆነ።

እህቴ ከላከችልኝ ነገሮች ሁሉ ውዱ እሱ ነበር። ጠርሙሱ ላይ «50 ቢሊዮን» ይላል። ከሳይሊየሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ስልክ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ነበር ወይ ያነሳሽው?»

«ኧረ መደርደሪያ ላይ ነበር። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ቁጥሩን እያየሁ ነው። ‹በተመረተበት ጊዜ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በውስጡ ያሉት ሕያዋን ናቸው፤ እየቆዩ ይሞታሉ፣ ሙቀት ሲያገኛቸው ደግሞ ቶሎ። ሲመረት 50 ቢሊዮን የነበረው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስንት እንደቀረ ጠርሙሱ አይናገርም። አንዳንድ አምራቾች «እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ» ይህን ያህል ይኖራል ብለው ይጽፋሉ፤ የምትገዙ ከሆነ እንዲህ የሚለውን ፈልጉ። የባክቴሪያው ስም ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣው የዝርያ መለያ ፊደልና ቁጥርም መጻፍ አለበት። ላክቶባሲለስ ብሎ ዝም ያለ ዕቃ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ጠርሙሱን ጨረስኩት። ሌላም ዓይነት ጨረስኩ። ድርቀቱም መንፋቱም እንደነበሩ ናቸው። ከዚያ ሐኪሜን ስጠይቀው አልተገረመም። ያው የአሜሪካ መመሪያ ለአይ ቢ ኤስ አጠቃላይ ምልክቶች ፕሮባዮቲክ ባይወሰድ ይሻላል ይላል። ጥናቶቹ የተለያዩ ዝርያዎችን፣ የተለያየ መጠን ስለሚጠቀሙ ይህኛው ይሠራል ለማለት አስቸግሯል። ለተለየ ጉዳይ የተለየ ዝርያ የሚያግዝበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ አንቲባዮቲክ የሚያመጣውን ተቅማጥ ሊቀንስ ይችላል። የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ተቅማጥ እያስያዘው ሊያቋርጥ ያለ ሰው ስለእሱ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። እንደ እኔ ላለ ድርቀትና መንፋት ግን ያንን ገንዘብ እርጎ ግዙበት፤ ቢያንስ ይጣፍጣል፣ ያጠግባል።

ሻዩ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከአንድ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ነው የገዛሁት። ሻጯ «ዕፅዋት ብቻ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም፣ በየቀኑ ጠጪው» አለችኝ። ፊት ለፊቱ ላይ ቀጭን ወገብ ያላት ሴት ሥዕል አለ። በመጀመሪያው ሌሊት ሆዴን እየቆረጠኝ ነቃሁ፤ ደጋግሜ ተመላለስኩ። በማግስቱ ማሸጊያውን ገልብጬ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ሰና ነው፤ እኛ ሰናመኪ የምንለው ቅጠል። አንጀትን እየገፋ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ለከባድ ድርቀት በልክ፣ ለአጭር ጊዜ ቢወሰድ ክፋት የለውም፤ ሐኪምም ያዝዘዋል። አሜሪካ የሚሸጡት ላይ ያለ ሐኪም ምክር ከአንድ ሳምንት በላይ አትውሰዱ ይላል። «በየቀኑ ጠጪው» ብሎ መሸጥ፣ በውስጡ ምን እንዳለ ሳይናገሩ መሸጥ ግን ትልቅ በደል ነው። ተቅማጡ ውኃና ጨው ይዞ ነው የሚሄደው። ክብደት ቀነስኩ ብላ የምትደሰተው ልጅ የቀነሰችው ውኃ ነው።

ማግኒዚየምም አንድ ሰሞን ወስጃለሁ፤ ያለሰልሳል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ያለ ሐኪም አይንካው። ሳይሊየሙ ስለበቃኝ አልቀጠልኩበትም።

አገዛዝ ላይ የምለው አለኝ። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳምናል። እዚያ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ይሠራል አይሠራም ተብሎ በመንግሥት አይጸድቅም። ስለዚህ እህቴ ስትገዛ ከተቻለ ዩ ኤስ ፒ የሚል ማኅተም ያለበትን እንድታነሳ ነግሬያታለሁ፤ ይህ ማለት በገለልተኛ ወገን ተመርምሮ በጽሑፉ ላይ ያለው ነገርና መጠን ውስጡ ተገኝቷል ማለት ነው። ለሆዳችሁ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። እዚህ ስገዛ ደግሞ ከፋርማሲ ነው፣ ደረሰኝ ተቀብዬ። የአፉ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን ሳላይ ብር አላወጣም። ቀኑ በስቲከር ተሸፍኖ ሌላ ከተለጠፈበት ትቼው እወጣለሁ።

ሳይሊየም ስትገዙ ጣዕምና ስኳር ያልተጨመረበትን ውሰዱ፤ በዋጋም ይረክሳል። አንዴ ከተከፈተ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ከምድጃውና ከቧንቧው ራቅ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ማንኪያው ደረቅ ይሁን። በክረምት እርጥበት ከገባበት ይጓጉላል፤ የጓጎለውን እኔ እጥለዋለሁ፣ ውኃ ውስጥ እኩል ስለማይበተን።